ከገና በኋላ የተላለፈ ስድብ

ዘንድሮ በገና ሰሞን የቴሌቪዥን ሰዎች መንዝ፣ እኛ ከተማ ሞላሌ መጡ። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ደጃፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ከመሞቅና አላፊ አግዳሚውን ከመታዘብ ያለፈ ሥራ የለኝም። ከቤቴ ፊት ለፊት ግርማ የሚባል ዲሽ ቤት ያለው ጎረቤት አለኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ጎረምሳውን ሁሉ አስከፍሎ፣ አግዳሚ ላይ ደርድሮ የእንግሊዝ ኳስ ያሳያል። የገናው ዕለት ጠዋት ፊቱን አጨፍግጎ መጣና «እትዬ አስካለ፣ ጉድ ፈላ እኮ!» አለኝ። «ምን ሆንክ ደግሞ?» አልኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጣቢያዎቹ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው አገር ኳስ ሲያወሩ የራሳችንን ረሱት ተብሎ፣ የአገር ውስጥ ስፖርትም ድርሻ ይኑረው፣ የባህል ጨዋታም ይግባበት የሚል መመሪያ ከመንግሥት ወጥቷል። እነዚህ የመጡትም ድርሻቸውን ሊሞሉ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ገና ሲጫወቱ ሊቀርጹ ነው። ግርማ ከፍቶታል። «ሰው ለእኔ የሚከፍለኝ ምን ሊያይ ነው? የታች ሰፈር ሩሩን በዱላ ሲለጋ ሊያይ ነው?» ይላል። «ሩሩንማ ሜዳው ድረስ ሄዶ በነጻ ያየዋል» ብዬ ይብስ አናደድኩት። ሊሄድ ሲል ዞር አለና «ደግሞ ማን አብሯቸው እንደመጣ ቢያውቁ! ጌታነህ ደምሴ! ያ የራዲዮው! ለካ የእኛው አገር ሰው ነው!» አለኝ። «እህ» አልኩት። ወንበሬን ወደ ፀሐዩ እንዲያስጠጋልኝ ጠየቅኩት፤ አስጠግቶልኝ ሄደ።

ግርማ ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። ጌታነህ ደምሴ ሊያገባኝ የነበረ ሰው ነው። ሳያገባኝ የቀረውም በስፖርት ፕሮግራም ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። እኔም ብዙ ዘመን ቆይቶ ስቄበታለሁ።

ያን ጊዜ ሞላሌ እንዲህ አስፋልት አላየችም። አንድ የአቧራ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የሣር ክዳንና አልፎ አልፎ ቆርቆሮ፣ ማዶ ገበያው። የገበያ ቀን የእርጥብ ሱፍ ጠረን ነበር ከሩቅ የሚቀበልህ። ገበሬው ሁሉ የበግ ጠጉር በርኖሱን ደርቦ ይመጣል፤ ካፊያ ሲነካው በርኖሱ ይከብድና ሰውየው ራሱ በግ በግ ይሸታል። ደህና በርኖስ የሁለት ሙክት ዋጋ ያወጣ ነበር፤ የለበሰው ሰውም ይህንኑ እንድታውቅለት ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ተማሪው ግን በርኖስ መልበስ አይፈልግም፤ ውርጩ አጥንቱን እየሰበረው ተትረን ሱሪና ስስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ማበጠሪያውን ከኋላ ኪሱ አሹሎ ይንቀጠቀጣል። እኛ ሴቶቹ ሸራ ጫማችንን በኖራ እናነጣለን፣ የናይለን ሻሽ ካለን ዓመት በዓል ነው። ሻይ በብርጭቆ አሥር ሳንቲም፣ አምባሻ ሲጨመርበት አሥራ አምስት። ሐሜቱ ደግሞ በነጻ ነበር።

በመንገዱ መታጠፊያ ላይ የልብስ ሰፊው የባሻ ይርጋ ሱቅ ነበረች፤ ዛሬ ሞባይል የሚሸጥባት ቤት ናት። ባሻ ይርጋ ራዲዮናቸውን ከክር ማጎጎቹ መሀል፣ ጥልፍ አልብሰው፣ ከመደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል። ባትሪው ሲደክም የድንጋዮቹን ሆድ እያሹ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሰውም ቆሞ እስኪሞቁ ይጠብቃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ የስፖርቱ ሰዓት ሲደርስ ደጃፋቸው መቆሚያ አይገኝም ነበር። ስማቸውን ለመጥራት ምላስ የሚያደናቅፉ ቡድኖች እዚያ ማዶ ሲጋጠሙ፣ እዚህ የገብስ ነዶ ሊወቃ የተቀጠረ ሰው ሥራውን ትቶ ይከራከራል። ያኔም መንግሥት ይህ ነገር አላስደሰተውም። የአገሬው ሕዝብ ስፖርት ይነገር፣ ከየአውራጃው ይምጣ የሚል ትእዛዝ ወረደ አሉ። ግርማ ዛሬ እንደ አዲስ ነገር የሚነግረኝን እኔ በልጅነቴ፣ በሹሩባዬ ዘመን ሰምቼዋለሁ።

ጌታነህ የታች ሰፈር ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን መሐል ሜዳ ከተማ ጨርሶ ሥራ ሲጠብቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስምንተኛን ጨርሼ ለመምህርነት ኮርስ ስሜን አስገብቻለሁ። በትምህርት ቤታችን ሜዳ የጨርቅ ኳስ ጨዋታ ሲኖር ላምባ የሚቀዳበትን የቆርቆሮ መቅጃ አፉ ላይ ደቅኖ ጨዋታውን እንደ ራዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ኳሷን ማን እንደያዘ ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ የማን ሱሪ እንደተቀደደ፣ የማን እናት ከአጥር ማዶ ቆማ እንደምትቆጣ ሁሉ ይጨምርበታል። ተመልካቹ ጨዋታውን ትቶ እሱን ነው የሚያየው። እኔም እሱን ነበር የማየው፣ ምን ይደበቃል። አንድ ቀን መቅጃውን ወደ ሴቶቹ መቀመጫ አዞረና «ተመልካቾች፣ የላይ ሰፈሯ አስካለ ዛሬ ሳቋን ደብቃ መጥታለች፤ ፈልጎ ላገኘ ወሮታ አለው» ሲል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ሳቅሁ። ዓመቱ ሳይዞር አባቱ ሽማግሌ ላኩ፣ አባቴም እሺ አለ፣ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ ሳይገባ እንዲሆን ተቆረጠ። ለኔ ደግሞ ከዚያ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

የጌታነህ አባት አቶ ደምሴ ስማቸውን የሚወዱ፣ ኮስተር ያሉ ሰው ነበሩ። በርኖሳቸው ጥቁር፣ ጢማቸው ሁልጊዜ የተላጨ። በጎቻቸው እስከ ጓሳ ግጦሽ ድረስ ስለሚሰማሩ ሀብታም ይባላሉ፤ ሀብታም ደግሞ መቼም ንፉግ ተብሎ መታማቱ አይቀርም። ልጃቸውን ሊድሩ ገብሱን አስፈጭተው፣ ጌሾውን ገዝተው፣ ለሠርግ የሚታረደውን ሙክት አስረው እየቀለቡ ነበር። «የደምሴን ድግስ አገር ያያታል» ይሉ ነበር።

የራዲዮ ሰዎቹ የመጡት የዚያን ዓመት ገና ነው። አንድ ላንድሮቨር፣ አንድ እንደ ሻንጣ ያለ ትልቅ ቴፕ፣ ሹራብ ሳይዙ የመጡ ሁለት ሰዎች። የሱፍ ባና አከናንበናቸው ነው የቀረጹት። እንግዲህ ገና በእኛ አገር እንጨት ይዞ ሩር መለጋት ብቻ አይደለም። ገና ስድብ አለው። ተጫዋቹ በዚያን ቀን ዳኛውንም፣ ባለጸጋውንም፣ ቄሱንም ሳይቀር በስሙ እየጠራ በግጥም ይሰድባል። የተሰደበው ሰው መቆጣት አይችልም፤ ስቆ ያጠጣል። ይህ ሁሉ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች አበቃ። ያንኑ ግጥም በማግስቱ የደገመው ሰው ባለጌ ይባላል፣ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ዱላም ያማዝዛል። ይህን እዚህ የማያውቅ የለም፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ደግሞ ከየት ያውቀዋል?

የላይ ሰፈር አሸነፈ። የኛ ሰፈር ገጣሚ አጎቴ አያ ተክሌ ነበር፤ ድምፁ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። አቶ ደምሴ ፊት የገና ዱላውን ተደግፎ ቆመና፣ ያ ቴፕ እየተሽከረከረ እንዲህ አላቸው፦

«ደምሴ ቤት ገብቼ ጠላ ብጠይቀው፣
ማድጋው አለቀሰ እንዳላስጨንቀው!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አቶ ደምሴ ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በሉ ማድጋዬን አባብሏት!» ብለው ከቤታቸው ጠላ በገንቦ አስመጥተው፣ ሁለቱንም ሰፈር አጠጡ። አያ ተክሌን አቅፈው ሳሙት። ከዚያ ፀሐይ ጠለቀች፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እኔ በዚያን ቀን አማቴ የሚሆኑት ሰው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸውና ደስ አለኝ።

ቴፑ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ ኮሚቴ ተቀምጦ ሰማው፣ መረመረው፣ አጸደቀው ተባለ። ኮሚቴው የሠራው ሥራ ምን ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ ቀኑን ግን አልመረመረም። ጥምቀት አለፈ። ሠርጌ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በእሑዱ የስፖርት ሰዓት፣ ማንም ሳይጠብቅ «አሁን ደግሞ ከመንዝ የሕዝባችንን የገና ጨዋታ እናሰማችኋለን» አለ ራዲዮኑ። ባሻ ይርጋ መርፌያቸውን ሸማው ላይ ሰክተው ድምፁን ጨመሩት። እኔ የሠርግ ቀሚሴን ልለካ እዚያው ነበርኩ፤ አቶ ደምሴም በረንዳው ላይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። የሩሩ ቋቋታ ተሰማ፣ ጩኸቱ ተሰማ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ድምፅ ሊለይ አንገቱን አሰገገ። ወዲያው የአያ ተክሌ ድምፅ መጣ። «ደምሴ ቤት ገብቼ…»

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚያይበት ጠፍቶት መሬት መሬት አየ። አቶ ደምሴ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ብርጭቆውን አስቀመጡ፣ በርኖሳቸውን ሰበሰቡ፣ ተነሥተው ሄዱ። እኔ ቀሚሱ ላዬ ላይ በስፒል እንደተያያዘ ቀረሁ። ባሻ ይርጋ «ይዝጉት! ይህን ጉድ!» እያሉ ራሳቸውን ያዝዛሉ፤ እጃቸው ግን መዝጊያውን አላገኘውም።

በማግስቱ አቶ ደምሴ ለአባቴ መልእክት ላኩ። ሠርጉ ቀርቷል። አባቴ ሽማግሌ ሰበሰበና ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀመጡ። እኔ ከእናቴ ጋር ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። አያ ተክሌ ተነሥቶ «አቶ ደምሴ፣ እኔ የሰደብኩዎት በገና ነው። ስቀው አጠጥተውኛል። አጥፍቼ ከሆነ ድንጋይ ልሸከም» አለ። አቶ ደምሴ ረጋ ብለው መለሱለት።

«አንተን መች ከሰስኩ ተክሌ? አንተ በቀኑ ሰደብከኝ፣ እኔም በቀኑ ሳቅሁልህ፤ ጨርሰናል። አሁን የሰደበኝ መንግሥት ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ራዲዮኑ የማን ነው? የመንግሥት አይደለም? ገና ካለፈ፣ ጥምቀትም ካለፈ፣ መንግሥት ተነሥቶ ደምሴ ንፉግ ነው ብሎ ላገር ሁሉ ተናግሯል። እኔ አሁን ምን ብዬ ድንኳን ልጣል? ሠርገኛው ጣሳውን ባነሳ ቁጥር ማድጋዬ ስታለቅስ አይደለም ወይ የሚሰማው? ይህች ልጅስ የንፉግ ምራት እየተባለች ልትኖር ነው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ኧረ አቶ ደምሴ፣ መንግሥትን እንዴት አድርገን እናስታርቅዎ? ማን ብለን እንጥራው?» አሉ። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ሲነጋገሩ ሲነጋገሩ ውለው መጨረሻ ላይ ቆረጡ፦ ራዲዮኑ በዚያው በእሑድ ሰዓቱ፣ ያ ስድብ የገና ስድብ እንደነበር፣ አቶ ደምሴም በቀኑ ስቀው እንዳጠጡ ይናገር። ይህን ከተናገረ አቶ ደምሴ ልጃቸውን ይድራሉ። አዲስ አበባ ሄዶ ይህን የሚያስነግር ሰው ሲጠየቅ ጌታነህ ተነሥቶ «እኔ እሄዳለሁ» አለ። ኮራሁበት። የኔ ነገር በሱ አፍ ላይ ከወደቀ መፍትሔ ያገኛል ብዬ አመንኩ፤ አፉን አውቀዋለሁና።

አውቶቡሱ ከባሻ ይርጋ ሱቅ ፊት ነው የሚነሳው። ጌታነህ ለሠርጉ የተሰፋለትን ሱሪ ለብሶ መጣ። ሹም ፊት የሚቀርብ ሰው ደህና ልብስ ያስፈልገዋል ብለው ባሻ ይርጋ ናቸው ያለበሱት። ሰው እያየን ስለነበር ፈንጠር ብዬ ቆምኩ።

«ሁዳዴ ሳይገባ እመለሳለሁ» አለኝ።

«ብትቀርስ?»

«ምን ያስቀረኛል አስካለ? ሁለት ቃል አስነግሮ መምጣት እኮ ነው።»

ሁዳዴ ገባ። ጌታነህ አልመጣም። ለፋሲካ ይደርሳል፣ አልን። ፋሲካም አለፈ። በመጨረሻ ወሬውን ያመጣልን የአውቶቡሱ ሾፌር ነው። ጌታነህ ራዲዮ ጣቢያው ደርሶ የስፖርቱን ሹም አግኝቷል። ሹሙ ሰምቶት ሲያበቃ «የዚህ ዓመት የአውራጃዎች ድርሻ ተሞልቷል፤ ለከርሞ አመልክት» ብሎታል። ጌታነህ ተናደደና እዚያው ቆሞ፣ አባቱ እንዴት እንደሳቁ፣ ሜዳው እንዴት እንደነበር፣ ሽማግሌው ምን እንዳሉ አንድ በአንድ ተናገረ። ሹሙ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ስለ ስድቡ ምንም ሳይል «እንዲህ የሚናገር ሰው ነው የምፈልገው። ነገ ድምፅህን ልፈትነው» አለው። ሾፌሩ ይህን የምሥራች አድርጎ ነው የነገረን፤ «ሥራ ያዘ እኮ! የመንግሥት ሥራ!» ይላል። እናቴ ወደ እኔ ዞራ ማየት አልቻለችም።

ጥቂት ወር ቆይቶ አንድ እሑድ ድምፁ መጣ። ባሻ ይርጋ ሱቅ ደጃፍ አልፌ ስሄድ ሰማሁት። መቅጃ የለው፣ ቆርቆሮ የለው፤ ጥርት ያለ ድምፅ። እነዚያን ምላስ የሚያደናቅፉ ስሞች እንደ ጎረቤቱ ልጆች ስም እያቀላጠፈ ይጠራቸዋል። ስለ ገና አንዲት ቃል የለም። ያ ቀን ውስጤን አቃጠለኝ፤ ዛሬ የሚያቃጥል ነገር የለውም፣ ያኔ ግን አቃጠለኝ። ከሁሉ የገረመኝ አቶ ደምሴ ናቸው። ልጃቸው ከመንግሥት አፍ ሲናገር ሲሰሙ ከመንግሥት ጋር ያለ ሽማግሌ ታረቁ። በረንዳው ላይ ለተሰበሰበው ሁሉ ሻይ በአምባሻ ጋበዙ። ለሠርጉ የተገዛው ጌሾ ለተዝካር ተሸጦ፣ ሙክቱ ለፋሲካ ታርዶ፣ ነገሩ ሁሉ እንዳልነበር ሆነ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጌታነህ በኋላ አባቱን አዲስ አበባ ወሰዳቸው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሞላሌ የሚያመጣው ጉዳይም አልነበረውም።

እኔ ኮርሱን ጨርሼ ዘመሮ የምትባል ከተማ ተመደብኩ። አስተማሪ አገባሁ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ለኳስ ግድ የሌለው፤ አፈሩ ይቅለለው። ልጆች ወልደን አሳደግን፤ በኋላም ወደ ሞላሌ ተዛውሬ ጡረታ እስክወጣ እዚሁ አስተማርኩ። የእሑዱ ራዲዮ ከየቤቱ ይሰማል፤ ዝጉት አልል ነገር የሰው ቤት ነው። ጌታነህ በዚያ ድምፁ የሰው አገር ጎል ሲቆጥር እኔ ደብተር ሳርም፣ ሲቆጥር ደብተር ሳርም፣ ጸጉራችን ነጣ። ክፉ ሕይወት ነበረኝ ማለት አልችልም፣ ደህና ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቆጭቶኛል፦ ያ ሰው ተነሥቶ «አልመለስም» አላለኝም። በሾፌር እንኳ አላስነገረኝም።

የዘንድሮውን ልጨርስ። ግርማ ከሄደ በኋላ መኪናቸው ደጃፌ ላይ ቆመ። አንድ ሄኖክ የሚባል ወጣት አዘጋጅ ቀድሞ ወረደ፣ ካቦርትና ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ተከተለው። ከአፉ የፊት ጥርሶቹ ጎድለዋል። ማን እንደሆነ ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ፣ በአንቱታ።

«ደህና ሰነበትኩ አቶ ጌታነህ። ሁዳዴ ገባ እንዴ?» አልኩት።

ባርኔጣውን አውልቆ ይዞ ቀረ። ሄኖክ ነገሩ አልገባውም፤ ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ገባ። ስለ ገና ደንብ ከእኔ ጥቂት ሊጠይቅ ነው የመጣው። ዛሬ ይቀርጹና፣ ስድብና ስም ማጥፋት በመመሪያው ክልክል ስለሆነ እሱን አስወጥተው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ያሳዩታል።

«ስድቡን ካወጣኸው ገና አይደለም፣ የዱላ ሩጫ ነው» አልኩት። «ሳታወጣው ቅዳሜ ካሳየኸው ደግሞ ሰው ታጋድላለህ። የገና ስድብ የሚሰማው በገና ነው፤ ቀኑ ካለፈ ብልግና ነው።»

«እና ምን እናድርግ እማማ? እኛኮ ይህን ፕሮግራም ካላቀረብን ድርሻችን ጎደለ ተብለን እንጠየቃለን።»

ጌታነህ «ዛሬውኑ በቀጥታ ይተላለፍ» አለ።

«ጋሼ፣ በቀጥታ ከሆነ ምን እንደሚሉ አናውቅም እኮ!»

«አናውቅም። ባናውቅም እኔ ነኝ የምጠየቀው። ይህን ነገር ቀርጾ ወስዶ በማግስቱ ማሰማት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ አገር ሰው ሁሉ በፊት እኔ ነኝ የማውቀው።» ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ሄኖክ ስልኩን ይዞ ራቅ አለ፤ ከአለቆቹ ጋር ብዙ ተከራክሮ ተመለሰ። «በእርስዎ ኃላፊነት ከሆነ ብለዋል» አለው።

ከሰዓት በኋላ ከዘራዬን ይዤ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ገና ለማየት ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ካሜራዎቹ በየጥጉ ተተክለዋል፣ ጌታነህ ማይክሮፎኑን ይዞ ከመስመሩ ላይ ቆሟል። ልጆቹ በሸራ ጫማ ፋንታ ስኒከር ተጫምተዋል፣ ደረታቸው ላይ የእንግሊዝ ቡድን ስም ያለበት ማልያ ለብሰዋል፤ አለጋጋቸው ግን ያው የአባቶቻቸው ነው። ጌታነህም ጀመረ። የማን ማልያ እንደተቀደደ፣ የማን እናት ከአጥር ማዶ እንደምትቆጣ ሁሉ ይናገራል።  በራዲዮ ያን ሁሉ ዘመን ስሰማው የነበረው ሌላ ሰው ነው ለካ፤ የኔ ይህኛው ነበር።

የላይ ሰፈር አሸነፈ፤ ስድቡ ተጀመረ። ልጆቹ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ሰደቡ፣ ግርማን በዲሹ ሰደቡት፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ። በእኛ አገር ሴት በገና ሜዳ እልል ትላለች እንጂ ግጥም አትሰጥም። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ መሀል ገባሁ። ልጆቹ አስተማሪያቸው ነበርኩና መንገድ ለቀቁልኝ። ጌታነህ ፊት ቆሜ፣ ከዘራዬን እንደ ገና ዱላ ተደግፌ እንዲህ አልኩት፦

«የሰው አገሩን ጎል ቆጥሮ ቆጥሮ ቆጥሮ፣
ለሠርጉ ደረሰ ጥርሱ አልቆ ዘንድሮ!»

 ከዚያ የድሮውን ነገር የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሳቅ ወደቁ፣ ወጣቱም ሳይገባው ተከተላቸው። ካሜራው እሱን አየው፣ አገር ሁሉ እሱን አየው። ጌታነህ የመንዝ ሰው ነው፤ መሳቅ አለበት። ሳቀ። ድዱ እስኪታይ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። ማይክሮፎኑን አንስቶ «ተመልካቾቻችን፣ የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ይገባኛል» አለ። ከዚያ ኪሱን ዳብሶ፣ ለሜዳው ሁሉ ጠላ አስመጣ። ሁለታችንም ከአንድ ጣሳ ተጎነጨን። በዚያች ሰዓት ላይ፣ ጠላው ከአፌ ሳይወርድ፣ ያን ሁሉ ዘመን ይዤው የኖርኩት ቂም ለቀቀኝ። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሰዎቹ ኬብላቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ብርዱ ወረደ፣ ሰውም ጋቢውን እየደረበ ተበተነ። ከዘራዬን አንስቼ ልሄድ ስል ጌታነህ ተከተለኝ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ «አስካለ» አለኝ፤ አንቱታው ቀርቷል። «ያን ጊዜ እኮ እኔ…»

እጄን አንስቼ አቆምኩት።

«ፀሐይዋ ጠልቃለች ጌታነህ። እኔ ያለኝን በቀኑ ብያለሁ። አንተ ግን ማይኩን ይዘህ፣ ቀን እያለልህ አልተናገርክም።»

አፉን ከፍቶ ነበር፣ መልሶ ዘጋው። ደንቡን ያውቃል። እጅ ነሳኝና ወደ መኪናው ሄደ።